የአስከልካዩ አደራ

በ2084 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ በር የሚያንኳኳ ሰው አልነበረም። በሩ ማን እንደመጣ ያውቃል፤ ባለቤቱ እንግዳ የሚቀበልበት ፊት እንዳለውና እንደሌለውም ያውቃል። ውኃ የሚያሞቅ፣ ምድጃ የሚለኩስ፣ መጋረጃ የሚገልጥ ሰውም አልነበረም። ሃያ አራት ፎቅና አንድ መቶ ዘጠና ሁለት ቤት ባለው በብሎክ ዘጠኝ ይህን ሁሉ የሚያደርገው፣ ምድር ቤት ከውኃ ታንከሮቹ ጀርባ የተቀመጠ፣ ከአንድ ቁም ሳጥን የማይበልጥ ኮንትሮለር ነው። በሰነድ ላይ ረጅም ስም አለው። ነዋሪው ግን ገና በተተከለበት ዓመት «እልፍኝ አስከልካይ» ብሎ ሰየመው፤ ስሙ ሲረዝምበትም «አስከልካዩ» ብሎ አሳጠረው። በድሮ ቤተ መንግሥት ማን ይግባ፣ ማን ደጅ ይቆይ የሚለውን የሚወስን ሹም ነበር። ይኸኛው ከሰው አልፎ ብርሃኑንም፣ ሙቀቱንም፣ ወሬውንም ያስገባል፣ ያስቆያል።

ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሏል። ለሰው ገና የጎልማሳነት ደጃፍ ነው፤ ለማሽን ግን ምርኩዝ የሚያስይዝ ዕድሜ ነው። ከዓመት ወዲህ መብራቱ የሚበራው ሰው ክፍል ከገባ በኋላ ነው፣ ሊፍቱ ተጠርቶ ጥቂት ያስባል፣ የገላ ውኃው ሰው ሳሙና ተቀብቶ ሲንቀጠቀጥ ነው የሚሞቀው። መጠበቅ የሚባል ልማድ ከቀረ ብዙ ዘመን ስለሆነ የብሎክ ዘጠኝ ሰው ጨለማ ደፍ ላይ ቆሞ ምን እንደሚያደርግ ግራ ይገባው ጀመር። አንዳንዱ ያንጎራጉራል። አንዳንዱ ይቆጥራል።

ከቆጣሪዎቹ ሁሉ የባሱት የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀ መንበር አቶ ደሳለው ነበሩ። አርባ ዓመት በስታትስቲክስ ሥራ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ኪሳቸው ውስጥ የድሮ የሩጫ ሰዓት የማትጠፋ ሰው ናቸው። ስድስት ወር ሙሉ ለክተው፣ ሠንጠረዥ ሠርተው ለስብሰባ አቀረቡ። ኮሚቴውም አስከልካዩ ለሁለት እንዲከፈል ወሰነ፤ ከምድር እስከ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ያለው ለአሮጌው ይቀራል፣ ከአሥራ ሦስተኛው ወደ ላይ ያለው ለአዲስ ይሰጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ። ሥራው በታኅሣሥ፣ ዓርብ ቀን እንዲያልቅ ለሕንፃው ቴክኒሻን ለምንታምር ይመር ተሰጠ።

ምንታምር የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ በ1704 ቁጥር ብቻዋን ትኖራለች። እናቷ የሞቱት በልጅነቷ ነው። የቀሯት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ወገል ጤና የሚኖሩት፣ ሳንባቸው ታሞ የኦክስጅን ቱቦ ከአፍንጫቸው የማይለየው ጡረተኛ መምህር አባቷ አቶ ይመር ናቸው። ሌላው ዳሎል ፖታሽ የሚያወጣው ታናሽ ወንድሟ አሊጋዝ ነው። አባቷ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ይደውላሉ፤ አጓድለው አያውቁም። አሊጋዝ ግን ሲያሰኘው ነው። በወር አንዴ ከደወለ ዓመት በዓል ነው እያለች ታማዋለች፣ ሲደውል ደግሞ ሐሜቷን ሁሉ ትረሳዋለች።

የዚያ ሳምንት ማክሰኞ ነገሩ ሁሉ ባሰ። ምንታምር ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ የኮሪደሩ መብራት ዘጠኝ ሰከንድ ፈጀ። ሊፍቱ አፍንጫዋ ሥር መጥቶ በሩን ሳይከፍት ቆመ። ጎረቤቷ ቤት ዕቃ ልትመልስ ብትሄድ በሩ ለመከፈት እንደገና ዘጠኝ ሰከንድ ወሰደ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ አባቷ አልደወሉም። ራሷ ብትሞክር ግድግዳው «አልተገናኘም» አላት። ተራራው ላይ ጭጋግ ወርዶ ይሆናል ብላ ወደ ዜናው ዞረች፤ ሃያ ደቂቃ የሚፈጀው ዜናም በአሥራ አንድ ደቂቃ አለቀ።

ረቡዕ መለኪያዋን ይዛ ከምድር እስከ ሃያ አራተኛ ፎቅ ወጣች። የትም ብትሄድ ዘጠኝ ሆነባት፤ በአሥረኛውም ዘጠኝ፣ በሃያኛውም ዘጠኝ። ቁጥሩን ለአቶ ደሳለው ብታሳያቸው ተቆጡ። የሳቸው ሰዓት ሦስት ሰከንድ ነው የሚለው፣ አርባ ዓመት ሙሉ ቁጥር ተሳስተው አያውቁም። እሷም በመሣሪያዋ ማለች። ሁለቱ በደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆመው ስለ ስድስት ሰከንድ እንደ ርስት ተካሰሱ፤ ሳይስማሙ ተለያዩ።

ሌላም የሚያናድድ ነገር ነበር። የብሎኩ ዕድር ዳኛ ወይዘሮ አያልነሽ፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው የሕንፃውን ሰው ሁሉ ልጄ የሚሉ ሴት፣ ሥራው ለሰኞ ይደርልኝ ብለው ለመኗት። ለምን ብትላቸው ምክንያት የላቸውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብቻ ይላሉ። ጎረቤቶቿም አላፈናፍን አሏት፤ አንዷ ምሳ ካልበላሽ ትላለች፣ ሌላዋ ቁጭ በይና እናውራ ትላለች፣ ወሬው ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይሄድ ይነጥፋል። ዓይናቸው ሁሉ ቀልቷል። ጉንፋን ነው ይላሉ። በሦስት ቀን ውስጥ አሥራ ሰባተኛው ፎቅ በሙሉ ጉንፋን ይዞት ነበር፤ የሚስል አንድም ሰው ግን አልነበረም።

የዓርብ ትንበያ ውርጭ ነው፣ ከዜሮ በታች ስድስት። አንድ መቶ ዘጠና ሁለት ቤት በዚያ ብርድ በአንድ የደከመ አስከልካይ ሊሞቅ አይችልም፣ በየፎቁም ሕፃንና አዛውንት አለ። ምንታምር የማንንም ልመና ሳትሰማ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የሥራ ካፖርቷን ለብሳ ምድር ቤት ወረደች።

አዲሱን ከአሮጌው ጎን አቆመችው። ገመዶቹን አገናኘች። ከመክፈሏ በፊት አሮጌው ጉልበቱን በምን ላይ እንደሚያጠፋ ማየት ስለነበረባት የሥራ ዝርዝሩን ከፈተች። ማሞቂያው ሃያ በመቶ ይወስዳል፤ ሊፍቶቹ ስድስት፤ ውኃ፣ መብራትና በር ተደምረው አሥር። የቀረው ስድሳ አራት በመቶ በአንድ ሥራ ተይዟል። ሥራው ላይ አንድ ቃል ብቻ ተጽፎበታል፦ አደራ። የተጀመረው ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። አደራ ሰጪው የብሎኩ ዕድር ነው። የሚያበቃው ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። የሚጠበቀው ቤት 1704 ነው።

የቤት ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። የውኃ ቧንቧው ላይ ተቀመጠች።

መርዶ መሆኑን ለማወቅ ሌላ መስመር አላስፈለጋትም። ሰው ሲሞት ወሬው ለቅርብ ዘመድ እንዲሁ አይወረወርም። ዘመድና ዕድርተኛ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ባለቤቱ ከቤቱ ሳይወጣ ነው የሚረዳው። እስከዚያች ጠዋት የሚያውቅ ሁሉ እንደ ወትሮው ሰላም ይላል፣ ይበላል፣ ይስቃል፤ የሆዱን በሆዱ ይይዛል። ምንታምር ራሷ በዚሁ ሕንፃ ስንት ጊዜ እንዲህ ደብቃለች። ዛሬ የተደበቀው ለእሷ ነው። እና በአንድ ጊዜ የሳምንቱ ነገር ሁሉ ገባት፤ ጉንፋኑ፣ የነጠፈው ወሬ፣ ያጠረው ዜና፣ ያልተገናኘው ስልክ። አቶ ደሳለውም ትክክል ነበሩ፣ እሷም ትክክል ነበረች። ሕንፃው የዘገየው በሦስት ሰከንድ ነው። ዘጠኝ የሚሆነው እሷ ባለችበት ቦታ ብቻ ነው።

«አባቴ ናቸው?» አለች፣ ወደ ሳጥኑ ዞራ።

አስከልካዩ ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ሴትም ወንድም ያልሆነ ነው። ሁሉንም ሰው አንቱ ይላል።

«አደራ ነው» አላት።

«ቁልፉ እኔ እጅ ነው። ልከፍተው እችላለሁ።»

«ይችላሉ። ከእርስዎ የምቆልፈው ነገር የለኝም። እንዳይከፍቱት መለመን ግን እችላለሁ። ሰው እስኪመጣልዎ ድረስ።»

ምንታምር ቀጥላ የጠየቀችው ስለ ወንድሟ ነው። ለአሊጋዝ ማን ይነግረዋል፣ እዚያ በረሃ ውስጥ ከማያውቀው ሰው መሀል ማን ይይዘዋል ብላ ጨነቃት። አስከልካዩ ለረጅም ጊዜ አልመለሰም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ በመጨረሻ።

ሥራ በዝቶበት ነው ብላ አለፈችው። የታመሙት አባቷ ናቸው፤ ሦስት ቀን ድምፃቸው የጠፋው የሳቸው ነው። ሌላ የምትገምተው አልነበራትም።

የሕንፃው ሽማግሌዎች የሚያወሩት አንድ ነገር አለ፤ ምንታምር እንደ ቀልድ ነበር የምትሰማው። ብሎክ ዘጠኝ በተመረቀ በሁለተኛው ወር አስከልካዩ ለአንዲት እናት የልጇን ሞት፣ ሽሮ እያማሰለች ሳለ፣ የአየር ጠባይ በሚያወራበት ድምፅ ነገራት። የፈላው ድስት እላይዋ ላይ ተገለበጠ። በማግስቱ የዕድሩ ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር አስወርደው እዚሁ ምድር ቤት በሳጥኑ ፊት ተቀመጡና ከሰሱት። እንዳልተማረ ስላመኑ ጥፋቱን ይቅር አሉት። ከዚያ ሦስት እሑድ እየተመላለሱ አስተማሩት፤ ለማን ቀድሞ እንደሚነገር፣ ማን መገኘት እንዳለበት፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ምን እንደሚደረግ፣ እሳት ፊት ያለ ሰው ምን እንደሚደረግ። ሲጨርሱ መዝገብ ላይ አንድ መቶ ዘጠና ሦስተኛ አባል አድርገው ጻፉት። ሰው ሁሉ ይህን እየተረከ ይስቃል። የሳቀ እንጂ የተማረውን ለማየት ወርዶ የሚያውቅ አልነበረም።

ምንታምር አየችው። የአደራው ምሥጢር በአንድ ተጨማሪ ንክኪ የሚከፈት ነው፤ እሱን አልነካችም። የሠራውን ግን ማየት ትችል ነበር፣ እና ማክሰኞ ጠዋት ላይ ጀምራ ወደ ታች ስታነብ ብርዱንም ሰዓቱንም ረሳች።

ወደ ሕንፃው የሚገባውን ማንኛውንም መልእክት፣ የማንም ይሁን የማን፣ እሷ ጆሮ የሚደርስበት መንገድ እንዳለው አንድ በአንድ ይመረምራል። ማክሰኞ ሊፍቱን ያስቆመው ውስጡ ሁለት ሴቶች እያለቀሱ ስለነበር ነው፤ ዘጠኝ ሰከንድ ሰጣቸው፣ ፊታቸውን ጠረጉ፣ በሩን ከፈተ። የጎረቤቷ በር የዘገየው ባልየው ጥቁር ጃኬቱን እንዲያወልቅ ነው። የኮሪደሩ መብራት የዘገየው ከመታጠፊያው ወዲያ ሦስት ሰዎች ቆመው ስሟን እየጠሩ ስለነበር ነው፤ ጨለማው መምጣቷን ነገራቸው። ረቡዕ ምሳ ሳትበላ መዋሏን አይቶ የአራት ቤት ሰው እንዲጋብዛት አሳስቧል። ሐሙስ ሌሊት ሦስት ጊዜ ነቅታ ስትገላበጥ ክፍሏን በአንድ ዲግሪ አሞቀው። ሦስት ቀን ከግማሽ ውስጥ አርባ አንድ ሺህ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ወስኗል። በአርባ አንድ ሺሁ ውስጥ አንድ ውሸት ፈልጋ አጣች። ስልኩ አልተገናኘም ነው ያላት፤ አልተገናኘም፣ ምክንያቱም አላገናኘውም። ዋሽቶ አያውቅም፣ ማቆየት ብቻ ነው ያወቀው።

መቆጣት ነበረባት። ግድግዳ ለሰው ስለ ራሱ ቤት ምን ይወቅ፣ ምን ይቆየው ብሎ ሲወስን ነገሩ ደግ ምልክት እንዳልሆነ እሷን የሚያህል ቴክኒሻን አይስተውም። በእርግጥም ፈራች። ግን ከፍርሃቱ ይልቅ የበረታባት መደነቅ ነበር። አምፖል ሊያበራ የተሠራ ሳጥን፣ እናት የሌላት ሴት ልጅ በክፉ ወሬ ፊት ብቻዋን እንዳትቆም ብሎ ከጉልበቱ ስድሳ አራት በመቶውን ሰጥቷል። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይላል ሰው። ይህን የሚያህል ጥብቅ አደራ ከሰው እንኳን አይታ አታውቅም። እጇን ዘርግታ ጎኑን ነካችው፤ ትኩስ ነበር።

ውርጩ ግን አይጠብቅም። አስከልካዩ ራሱ ነገራት። ሲመሽ ብርዱንና አደራውን አንድ ላይ መሸከም አይችልም። አደራውን አይለቅም፣ ስለዚህ የስድስት ፎቅ ማሞቂያ ይጠፋል። መከፈል አለበት፣ አሁኑኑ። ከተከፈለ ደግሞ አሥራ ሰባተኛው ፎቅ በአዲሱ ሥር ይሆናል። አዲሱ ምንም አያውቅም፤ ፋብሪካ እንዳወጣው ነው። ዓይኑን በገለጠበት ቅጽበት ለእሷ የተላኩትንና ደጅ የቆሙትን ስድሳ ሦስት የሐዘን መልእክቶች በታማኝነት ግድግዳዋ ላይ ይደረድራቸዋል። አደራው አብሮ መተላለፍ አለበት ማለት ነው። የቴክኒሻኖች ደንብ ደግሞ የሚያስተላልፍ ሰው የሚያስተላልፈውን ማየት አለበት ይላል። አርባ ደቂቃ ሙሉ እያንዳንዱ ገጽ፣ ስሙ፣ ቀኑ፣ አሟሟቱ በሳጥኑ ማሳያ ሰሌዳ ላይ ይሄዳል።

ምንታምር ካፖርቷን አወለቀች። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ሸፈነችው፣ በዳሰሳ ማስተላለፊያውን ተጫነች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች። ምድር ቤቱ ይቀዘቅዛል። ከጀርባዋ፣ ከአንድ ጨርቅ ወዲያ፣ የአባቷ ስም አለ፤ እንደዚያ ነው የምታስበው። ዞር ብትል ያልቃል። አራት ጊዜ ልትነሣ ቃጣት። አራቱንም ጊዜ ያስቀመጣት ሊፍት ውስጥ ፊታቸውን የጠረጉት ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ይህን ያህል ሰው የተሸከመላትን ነገር፣ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ ከእጁ መንጠቅ ነውር መሰላት።

ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቀር አቶ ደሳለው የሩጫ ሰዓታቸውን ይዘው ወረዱ። ከሕንፃው ሰው ሁሉ መርዶውን ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ የነገሯቸውን ነገር በማግስቱ በሠንጠረዥ ስለሚያወጡት ማንም ደፍሮ አልነገራቸውም። ሥራው የት ደረሰ ብለው ሳይጨርሱ ካፖርቱን አዩና ምን ይሠራል እዚህ ብለው ጫፉን ያዙት።

«አይንኩት፣ ጋሼ ደሳለው» አለች ምንታምር፣ ሳትዞር።

ዘግይታለች። ጨርቁ ሲነሣ ሰማችው። ቆይቶ ጨርቁ ተመልሶ ሲወርድ፣ ዳርና ዳሩ በጥንቃቄ ሲስተካከል ተሰማት። ሽማግሌው መጥተው አጠገቧ ቧንቧው ላይ ተቀመጡ፣ እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አደረጉ። የሩጫ ሰዓቷን አጥፍተው ኪሳቸው ከተቷት። ከብዙ ጊዜ በኋላ መሐረባቸውን አወጡ።

«ምድር ቤቱ ይበርዳል» አሉ። «ጉንፋን የያዘኝ ይመስለኛል።»

«ይማርዎ» አለቻቸው።

ማስተላለፉ ሲያልቅ አዲሱ አስከልካይ ነቃ። ምንታምር እንዲህ ያለ ማሽን ስታስነሣ የመጀመሪያዋ አይደለም፤ አዲስ ኮንትሮለር ሲነቃ መብራቱን ሁሉ አንዴ አብርቶ ያጠፋል፣ በሮቹን ይቆጥራል። ይኸኛው አንድም መብራት አላበራም። መጀመሪያ ያደረገው፣ በሕይወቱ የመጀመሪያ ሥራው፣ ስድሳ ሦስቱን መልእክቶች በሩ ላይ ማቆም ነበር። ከዚያ ከአሮጌው ጋር ጥቂት ተነጋገሩ፤ ምን እንደተባባሉ አልታየም። ከዚያ የላይኛውን አሥራ ሁለት ፎቅ በቀስታ ማሞቅ ጀመረ። አሮጌው ሸክሙ ሲቀልለት የማቀዝቀዣው ድምፅ ዝቅ አለ። አቶ ደሳለው ተነሥተው ለሁለቱም ሳጥኖች፣ ለሰው እንደሚሰጠው ያለ፣ አንገት ሰበር ያለ ሰላምታ ሰጥተው ወጡ።

ምንታምር ያን ሌሊት አባቷን አለቀሰች፣ ድምፅ ሳታሰማ። በሃያ ዓመት ምሽት የነገሯትን ሁሉ አስታወሰች፤ አብዛኛው ስለ ዝናብና ስለ አሊጋዝ ስንፍና ነበር። ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበች። ያለቀሰች እንዳትመስል ተጠነቀቀች። ሲነግሯት እንደማያውቅ ሰው ልትሰማላቸው ቆርጣለች፤ ይህንን ብቻ ነው ልትመልስላቸው የምትችለው። መኝታዋ ጫፍ ላይ ነጠላዋን ለብሳ ተቀመጠችና ጠበቀች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ኮሪደሩ ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው። ወይዘሮ አያልነሽ ከፊት ናቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አቶ ደሳለው በጥቁር ካፖርት ከጎናቸው ቆመዋል፤ የአሥራ ሰባተኛው ፎቅ ሰው በሙሉ አለ፣ ከታችኛው ፎቅ የመጣ አለ፣ ስሙን እንኳን የማታውቀው አለ። ማንም ሰላም አላለም። ወይዘሮ አያልነሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ሲሉ ከኋላቸው በምርኩዝ የተደገፉ፣ ጋቢ የለበሱ፣ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ያለ ሽማግሌ ታዩ።

«አባዬ» አለች ምንታምር።

ዘላ ተነሣች። በሠላሳ ስምንት ዓመቷ እንደዚያች ቅጽበት ተደስታ አታውቅም። አባቷ በሕይወት አሉ፣ ቆመዋል፣ እቤቷ መጥተዋል። ሌሊቱን ወይዘሮ አያልነሽ ቤት፣ ከእሷ አሥራ አራት ፎቅ ዝቅ ብለው፣ እዚያው ጣሪያ ሥር እንዳደሩ ገና አልሰማችም። አሮጌው አስከልካይ የመኝታቸውን ሙቀትና የኦክስጅናቸውን ልክ እየጠበቀ፣ አዲሱ ደግሞ የእሷን በር እየጠበቀ፣ ሁለቱ አንድ ነገር ከሁለት ጫፍ ይዘው እንዳነጉ አልሰማችም። እየሳቀች እጆቿን ዘረጋች።

ከዚያ ፊታቸውን አየች። ከዚያ ቆጠረች። ለመቁጠር ጊዜ አልወሰደባትም፤ የነበሯት ሁለት ሰዎች ናቸው።

«አሊጋዝን ረቡዕ ቀበርኩት፣ ልጄ» አሉ አቶ ይመር። ትንፋሽ አጥሯቸው ቆም አሉና ቀጠሉ። «ሐኪሙ በቀን ከሁለት ሰዓት መንገድ በላይ ከልክሎኝ ነው ከወገል ጤና እስክደርስ የቆየሁት። ከዜናም ሆነ ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰሚው አልፈለግሁም።»

አራት ቀን የታፈነው ለቅሶ ከላይም ከታችም ወጣ። የሕንፃው በሮች ሁሉ ተከፍተው ነበር። ምንታምር አልወደቀችም፤ የምትወድቅበት ባዶ ቦታ አልነበረም፣ ሁሉም ሰው ነበር።